ብሎን የጨፈረ ቀን

አክስቴ የመኪና ውድድር ሜዳ ውስጥ ትሠራለች ሲባል የሰፈሩ ልጆች ጆሯቸው ይቆም ነበር። «ትነዳለች?» ይሉኛል። «መኪናው እሳት ሲነሳበት ሰው ጎትታ ታወጣለች?» ይሉኛል። እኔም አፌን ሞልቼ «አዎ» እላለሁ። እውነቱን ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እውነቱ፣ ያኔ በገባኝ ልክ፣ አክስቴ መኪና አጣቢ መሆኗ ነበር።

በዓይኔ ነው ያየሁት። መኪናው እየጮኸ መጥቶ ነዳጅ መሙያው ጋ ይቆማል። መካኒኮቹ ቱቦውን ሰክተው ይሞላሉ። ቱቦው ሲነቀል አክስቴ ጠጋ ትልና አንድ ባልዲ ውሃ ጎኑ ላይ ትቸልስበታለች። በቃ። መኪናው ተፈትልኮ ይሄዳል፤ እሷ ባልዲዋን ከበርሜሉ ሞልታ ቀጣዩን ትጠብቃለች። ከበርሜሉ አጠገብ ደግሞ ረጅም እጀታ ያለው የሣር መጥረጊያ ነበራት። ባልዲና መጥረጊያ! ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያሻል? የባሰው ነገር፣ ማጠቡንም በቅጡ አልቻለችበትም፤ መኪናውን ከነአቧራው ነው የምትሸኘው። እኔ ሰሃን እንዲያ አጥቤ ቢሆን ኖሮ አያቴ ጆሮዬን በቦታው አትተወውም ነበር።

እናቴ ሌላ ከተማ ስለምትሠራ የምኖረው ከአያቴና ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። በአዘቦቱ ቀን እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ትውላለች፤ ውድድር ባለበት እሑድ ደግሞ ወደ ሜዳው ትሄዳለች። ከሜዳው ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ ታስቀምጣለች፤ ጠረኗ ግን አብሯት ይገባል፦ የተቃጠለ ጎማ፣ ዘይት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አፍንጫ የሚወጋ፣ መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችንን የሚጠርጉበት ዓይነት ሽታ። ከሐኪም ቤት የመጣች እየመሰለኝ አንዳንዴ እሸሻት ነበር።

እጮኛዋን ሰው ሁሉ ብሎን ነው የሚለው። መካኒክ በመሆኑ ብቻ አይደለም። ስሙን ያወጣችለት አያቴ ናት። መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን ለትንሽ ደቂቃ ብሎ ተቀምጦ እስኪመሽ አልነሳ ቢላት፣ ገና በሩን ሳይዘጋ «ይኼ ብሎን ነው፤ አንዴ ከገባ ያለ መፍቻ አይወጣም» አለች። እሱ ሰምቶ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በዚያው ቀረ፤ እኔም ጋሼ ብሎን አልኩት።

ጋሼ ብሎን ረጃጅም ጣቶች ነበሩት። የጫማዬ ክር ሲቋጠርብኝ፣ አያቴ በጥርሷ ታግላ የተወችውን ቋጠሮ እሱ ወሬውን ሳያቋርጥ በሁለት ጣቱ ይፈታዋል። በአያቴ መርፌ ያለ መነጽር ክር ያስገባላታል። ራዲዮ ከተከፈተ ደግሞ እግሩ አርፎ አይቀመጥም። እግሮቼን ጫማው ላይ አቁሞ ሳሎኑን ያዞረኛል፤ ትከሻውን ሲንጥ፣ ጉልበቱን እያነሳ ሲዘል፣ ደረቱን በመዳፉ ሲመታ አያቴ «ኧረ ቤቱን አፈረስከው!» እያለች ታጨበጭባለች። ከአክስቴ በቀር የማይስቅ የለም። እሷም ብትሆን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምትስቀው።

ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ ልብስ ሰፊው የሙሽራውን ሱፍ አመጣ። ጥቁር ነው። አያቴ በጨርቅ ሸፍና የመኝታ ቤቱ በር ላይ ሰቀለችው፤ «ሳልፈቅድ የነካው ወየውለት!» አለች። በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ መስኮት ሥር የቤት ሥራ እየሠራሁ፣ አክስቴና ጋሼ ብሎን ግቢ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ።

«ልብሱን ትለብሳለህ፤ ክርክር አልፈልግም» ትለዋለች።

«ደግሞ ጀመርሽ! ይሞቃል አልኩሽ እኮ። አንገቴን ያንቀኛል።»

«ይነቅህ።»

«ሌላው ማን ይለብሳል? እኔን ብቻ እንደ ሙሽራ ሸፋፍነሽ ልታቆሚኝ ነው? ሰው ይስቅብኛል።»

«ይሳቅብህ። ተስቆበት የሞተ ሰው አላየሁም።»

«የኔ እመቤት፣ ለአንድ ቀን ብትተዪኝ ምናለ?»

«ያቺን አንድ ቀን ነው የምፈራው። ስማ፤ ልብሱን ካልለበስክ ከኔ ጎን አትቆምም። ጨርሻለሁ!»

እርሳሴን አስቀምጬ በሩ ላይ የተሰቀለውን ሱፍ አየሁ። እውነትም ወፍራም ነው። ግን ሙሽራ ሱፍ አልለብስም ይላል? በቱታ ሊያገባት ነው? አክስቴ አሳዘነችኝ። ያን ቀን ሙሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ወገንኩ።

ዛሬ ሳስበው፣ ያን ጭቅጭቅ እንደኔ ቃል በቃል የሰማው የለም፤ እንደኔ የሳተውም የለም። የሚከራከሩት በሌላ ልብስ ነበር። አክስቴ ከመሥሪያ ቤቷ ለምና ያመጣችለት እሳት የማይዘው ቱታ ነበር፤ ከነጓንቱ፣ ከነአንገት መሸፈኛው። ያኔ ደንቡ እንዲለብሱ የሚያስገድደው ተወዳዳሪዎቹን ብቻ ነው፤ ነዳጅ ሞዪው እንደፈለገ ነበር።

በማግስቱ አያቴ የታመመች ዘመድ ልትጠይቅ ስለሄደች አክስቴ እኔን ይዛኝ ወደ ሜዳው ወረደች። ከአምቡላንሱ አጠገብ ያለች የእንጨት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና የአምቡላንሱን ሾፌር «አደራ፣ ከዚች ንቅንቅ እንዳትል» አለችው። ሾፌሩ ቦርጫም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ጥጥ አድቦልቡሎ ጆሮዬ ውስጥ ወተፈልኝና «አሁን መኪናው ሁሉ ንብ ይሆንልሻል» አለኝ። እውነትም ሆነ። በሽቦው አጥር ማዶ ነዳጅ መሙያው ወለል ብሎ ይታየኛል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጋሼ ብሎን የሥራ ቱታውን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ መጣና ጠቀሰኝ። አክስቴ አየችው። ባልዲዋን አነሳች።

መኪኖቹ መጡ፣ ሄዱ፤ መጡ፣ ሄዱ። አክስቴ ቸለሰች፣ ሞላች። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል አንዲት ቀይ መኪና ገብታ ቆመች። ጋሼ ብሎን ቱቦውን ሰክቶ ሞላ፤ ሲነቅለው ግን የቱቦው አፍ አልዘጋ ብሎ ውሃ የመሰለ ነገር ፏ ብሎ በመኪናዋና በእሱ ላይ ተረጨ። ከዚያ ጋሼ ብሎን መጨፈር ጀመረ።

እንዴት እንደ ጨፈረ! ጉልበቱን እያነሳ ይዘላል። ደረቱን በመዳፉ ይመታል። ትከሻውን ይንጣል፤ ይሽከረከራል። ልክ እንደ ሳሎናችን፣ ግን ካየሁት ሁሉ የበለጠ። ከመቀመጫዎቹ በኩል ሰው ሳቀ። እኔ ወንበሩ ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ። «ጋሼ ብሎን እየጨፈረ ነው! እዩት!» አልኩ። መኪናዋ ውስጥ ያለው ተወዳዳሪም ተጋባበት መሰለኝ፤ በቀበቶ እንደታሰረ ራሱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፣ እጆቹን ያርገፈግፋል። በላያቸው አየሩ እንደ ምንጭ ውሃ ይርገበገባል። ሌላ ምንም የለም። ጭስ የለም፤ ነበልባል የለም። ፀሐይና ሁለት የሚጨፍሩ ሰዎች ብቻ።

ሾፌሩን ቀና ብዬ ባየው ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጠ።

አክስቴ ባልዲዋን ይዛ ስትመጣ ጋሼ ብሎን ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። ለጭፈራ ሊጋብዛት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እሷ ግን «ተኛ! ተንከባለል!» ብላ ጮኸችበት፤ በትከሻዋ ገፍታው አለፈችና ባልዲውን ሙሉ በተወዳዳሪው ላይ ደፋች። ቀበቶውን ፈታችለት፤ ሌሎቹ ጎትተው አወጡት። ከዚያ ነው ወደ በርሜሉ የተመለሰችው። ጋሼ ብሎን ያን የመሰለ ጭፈራውን ትቶ አስፋልቱ ላይ ይንከባለላል። ከፊቱ ቆማ ውሃ ደፋችበት። ሌላ ባልዲ አመጣች፤ ደፋችበት። እርጥብ ብርድ ልብስ ጣለችበት፤ ላዩ ላይ ወደቀችበት።

እኔ ቀስ ብዬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እፍረት ነው የያዘኝ። ይህ ሁሉ ሰው እያየ! ልብሱን እምቢ ቢላትስ? ሰውን እንደ ውሻ «ተኛ» ይሉታል?

በመጨረሻ አክስቴ መጥረጊያውን አንስታ ከፊቷ ዘርግታ፣ ዓይነ ስውር በምርኩዝ መንገድ እንደሚዳብስ፣ በመኪናዋ ዙሪያ ቀስ እያለች መሄድ ጀመረች። አንድ ቦታ ስትደርስ የመጥረጊያው ሣር ማንም ሳይነካው ጠቆረ፤ ተኮማትሮ ረገፈ። «እዚህ!» አለች። ውሃ አፈሰሱበት።

ያን ጊዜ አልገባኝም። የዚያ ሜዳ መኪኖች የሚጠጡት ቤንዚን ሳይሆን አልኮል ነበር። አልኮል ሲነድ አይጨስም፤ በቀትር ፀሐይ ነበልባሉ ለዓይን አይታይም። የሚያውቀው የሚቃጠለው ሰው ብቻ ነው። ደግነቱ ውሃ ያጠፋዋል፤ ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ ሙሌት በኋላ የፈሰሰው ጠብታ ላይ ያ ባልዲ የሚደፋው። መጥረጊያው ደግሞ የአክስቴ ዓይን ነበር።

አምቡላንሱ ሁለቱንም ይዞ ከሄደ በኋላ አክስቴ ወደኔ መጣች። እስከ እግር ጥፍሯ ርሳለች። ፊት ለፊቴ በርከክ ብላ ጥጡን ከጆሮዬ አወጣችልኝ። እጇ የተለበለበ ጸጉር ይሸታል።

«ምን አየሽ?» አለችኝ።

«ጋሼ ብሎን ሲጨፍር።»

ጥጡን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። «እሺ» አለች ቀስ ብላ፤ «ሲጨፍር ነው ያየሽው።» ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ብሎን ቤታችን መምጣት ተወ። አኩርፏል አልኩ። ማንስ ቢሆን አያኮርፍም? ትልልቆቹ «ሐኪም ቤት ተኝቷል» አሉኝ፤ ለኔ መተኛት መተኛት ነው። አንድ ቀን አክስቴ ማድ ቤት ውስጥ አያቴን «አልፌው ሄድኩ እኮ፣ እማዬ። እጁን ዘርግቶልኝ፣ እያየኝ አልፌው ሄድኩ» ስትላት ሰማሁ። አያቴ የመለሰችላትን አልሰማሁም፤ በሩን ዘጋችው። እኔ ግን ነገሩ ተገጣጠመልኝ። ለካ ከውሃውም በላይ ያስቆጣው ይኼ ነው! እጁን ዘርግቶላት ሰላም ሳትለው አለፈች። ይኼን ጊዜማ በደለኛዋ እሷ ናት።

አያቴ ሐኪም ቤት ትመላለሳለች። ስትመለስ አክስቴ ፊቷን አይታ ወደ ጓዳ ትገባለች። አያቴ ለጎረቤት «እሷን እንዳታመጡብኝ ብሏል» ስትል ሰምቻለሁ። አክስቴም እየመሸባት መምጣት ጀመረች፤ ሥራ በዝቶባት ነበር የሚመስለኝ። ኋላ እንደ ነገሩኝ፣ ከሥራ ወጥታ የሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ካለች አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ የክፍሉን መስኮት ታያለች፤ ጠያቂ ውጣ ሲባል ተነስታ ወደ ቤት ትመጣለች።

አንድ ጠዋት አያቴ ሱፉን ከበሩ ላይ ልታወርደው እጇን ዘረጋች። «እያየሽው ከምትቃጠዪ ሣጥን ውስጥ ልክተተው» አለቻት። አክስቴ በአያቴ ላይ ድምጿን ስታነሳ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ማንም እንዳይነካው!» አለች። አያቴ እጇን ሰበሰበች።

በዚያው ሳምንት የሚይዘኝ ሰው ስለታጣ አያቴ ሐኪም ቤት ይዛኝ ሄደች። ጋሼ ብሎን ነጭ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ የቦክሰኛ ጓንት አክሏል፤ አንገቱም እንደዚያው። ቅንድብ የለውም። አያቴ ከነርሷ ጋር ልታወራ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ብቻችንን ቀረን።

«አንቺ ቁንጫ» አለኝ በተዘጋ ድምፅ፤ «አልፈራሽኝም?»

አልፈራሁትም። ሥራ ነበረብኝ፤ ላስታርቃቸው ቆርጬ ነው የመጣሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ ብሎን፣ አክስቴ ሰላም ሳትልህ በማለፏ አጥፍታለች» አልኩት። «ሰው ፊት ውሃ መድፋቷም ነውር ነው። ግን አንተም አጥፍተሃል። ልብሱን አልለብስም ለምን ትላታለህ?»

«የትኛውን ልብስ?»

«ጥቁሩን ነዋ! በር ላይ የተሰቀለውን። ካልለበስክ ከኔ ጎን አትቆምም አላለችህም? አንገቴን ያንቀኛል አላልካትም? ሙሽራ እመስላለሁ፣ ሰው ይስቅብኛል አላልክም? ሙሽራ ሙሽራ ቢመስል ምን ይለዋል? ሰምቻለሁ እኮ!»

ቅንድብ የሌለው ግንባሩን ቋጠረ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነው። «አታስቂኝ…» ይላል፣ «ቆዳዬ ይሳባል፣ አታስቂኝ…» ይላል። እየሳቀ እንባው ፋሻው ላይ ይወርዳል፤ የሚጠርግበት እጅ የለውም። በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁለት።

ሳቁ ሲበርድለት «እስካሁን ተሰቅሏል እንዴ?» አለኝ።

«አዎ። አያቴ ላውርደው ስትል አክስቴ ጮኸችባት። ማንም እንዳይነካው አለች።»

«በአያትሽ ላይ ጮኸች?»

«በአያቴ ላይ!» አልኩት ዓይኔን አፍጥጬ።

ወደ መስኮቱ ዞረ። ለምን አክስቴን አትምጣ እንዳለ እሱ ራሱ ካደግሁ በኋላ ነው የነገረኝ፤ ቂም አልነበረም። «ካየችኝ አዝናልኝ ጥላኝ አትሄድም፤ በይሉኝታ እንድታገባኝ አልፈለግሁም» አለኝ። ያን ቀን ግን ለኔ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦

«ለአክስትሽ ንገሪያት። እለብሳለሁ ብሏል በያት። ግን ቁልፉን መቆለፍ አልችልም፤ መጥታ ታልብሰኝ በያት።»

ቃሉ እንዳይጠፋብኝ መንገዱን ሁሉ በልቤ እየደጋገምኩ መጣሁ። አክስቴ ግቢው ቧንቧ ሥር ቦት ጫማዋን እያጠበች አገኘኋት። ነገርኳት።

«እንዴት ነው ያለው?» አለች። ቡሩሹ እጇ ላይ ቆመ።

«እለብሳለሁ፤ ቁልፉን ግን አልችልም፤ መጥታ ታልብሰኝ።»

«ታልብሰኝ ነው ያለው? ትምጣ አለ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ! ታረቂው በቃ!»

ተነሳች። በሳሙና እጇ፣ በቤት ነጠላ ጫማ፣ የግቢውን በር እንኳ ሳትዘጋ ሄደች። አያቴ ደጃፉ ላይ ቆማ «ኧረ ጫማ ቀይሪ!» ብትል ማን ሰምቷት። ቧንቧው እየፈሰሰ ነበር፤ እኔ ዘጋሁት። ትልልቅ ሰዎች ውሃ ሲያባክኑ አያፍሩም እያልኩ።

ሠርጉ ዘግይቶ ሆነ። ከቀይዋ መኪና የወጣው ተወዳዳሪ ፊቱ ላይ ትንሽ ምልክት ይዞ መጥቶ በላ፣ ጠጣ፣ ከአያቴ ጋር ጨፈረ። ጋሼ ብሎን አልጨፈረም፤ የአንገቱ ቆዳ ገና አልሻረም ነበር። ሁለት ጣቶቹ እንደተቆለመሙ ቀሩ። መፍቻ መያዝ ሲያቅተው ሌላ ሥራ ሰጡት። ነዳጅ መሙያው በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ ልብስ ይፈትሻል። ልመና አይሰማም። «ይሞቃል» የሚል ወጣት ሲመጣ እጁን አውጥቶ ያሳየዋል፤ ያው ይበቃል።

ባለፈው ሰሞን ቤታቸው ሄጄ፣ አክስቴ መነጽሯን አድርጋ የባሏን ጥፍር ስትቆርጥለት ደረስኩ። እሱ መቁረጫውን መጨበጥ አይችልም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስንት ዘመን አፌ ላይ መጥቶ የሚመለሰውን ጥያቄ ያን ቀን ሳላስበው አወጣሁት።

«አክስቴ፣ ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ማንን ታስቀድሚ ነበር?»

መቁረጫው አልቆመም። አንድ ጥፍር፣ ሌላ ጥፍር።

«የታሰረውን» አለች።

ጋሼ ብሎን ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ተኛ ሳትይኝ እተኛ ነበር» አለ።

«ዝም በል፤ ትነቃነቅና እቆርጥሃለሁ» አለችው። የያዘችውን ጨርሳ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችውና እጇን ዘረጋችለት። «ሌላውን አምጣ።»

ሰጣት።